ለኔቫዳ ስቴት አትሌቲክ ኮሚሽን፦ ዳኞቻችሁ ምክንያታቸውን ይጻፉልን

ለኔቫዳ ስቴት አትሌቲክ ኮሚሽን
ላስ ቬጋስ

ጉዳዩ፦ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ለእያንዳንዱ ዙር የፈረዱበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ግጥሚያ በተካሄደ ቁጥር አብረውኝ የሚከራከሩ ወገኖቼ አስቀድመው እንዲያነቡትና ከተስማሙበት እንዲፈርሙበት ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ከፊርማዎቹ ጋር ለጽሕፈት ቤታችሁ ይደርሳል። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ከተማ ናት። ታክሲ እንነዳለን፣ በካዚኖ ካርድ እናድላለን፣ የሆቴል ክፍል እናጸዳለን። የዓለም ትልልቅ የቦክስና የኤምኤምኤ (ቡጢን፣ እርግጫንና ትግልን የሚያቀላቅለው ስፖርት) ግጥሚያዎች የሚካሄዱት እኛ ደፋ ቀና በምንልባቸው ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የመግቢያው ዋጋ ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ ባይሆንም፣ ግጥሚያው ሲያልቅ ተመልካቹን ወደ ማደሪያው የምናደርሰው እኛ ነን። ዳኞቹ የሰጡት ነጥብም ከተሳፋሪው ጋር መኪናችን ውስጥ ገብቶ እስኪነጋ ሲያከራክር ያድራል።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። ሦስቱ ነጥብ ሰጪ ዳኞች ለእያንዳንዱ ዙር ያንን ነጥብ ለምን እንደሰጡ፣ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ቢሆንም፣ በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ኮሚሽኑም ጽሑፉን ከነጥብ ወረቀቱ ጋር ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ውጤት ይሻር አላልኩም፤ ዳኛ ይባረር አላልኩም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የአንድም ዳኛ ስም የማልጠራው ሆን ብዬ ነው፤ ቅሬታዬ ከአሠራሩ እንጂ ከሰዎቹ ጋር አይደለምና። ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ቦክስ ለማይከታተል አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሦስቱ ዳኞች በሪንጉ ሦስት ጎኖች ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። አይነጋገሩም፤ አንዱ የሌላውን ነጥብ አያይም። ዙሩ ሲያበቃ ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣሉ፤ ተመትቶ የወደቀ ካለ 9ኙ ብዙ ጊዜ 8 ይሆናል። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፤ የመሃል ዳኛው እየዞረ ሰብስቦ ለኮሚሽኑ ጠረጴዛ ያስረክባል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ቦክሰኞቹ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ውሃ በሚጎነጩባት በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ነው። መመዘኛዎቹ አራት ናቸው፦ ንጹሕ ምት፣ ውጤታማ ማጥቃት፣ ሪንጉን በብልሃት መቆጣጠር እና መከላከል። ዳኛው ከአራቱ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሰጠ ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እስከ ፍጻሜው በሚዘልቅ የ12 ዙር ግጥሚያ ሦስቱ ዳኞች በድምሩ 36 ፍርድ ይሰጣሉ። ከ36ቱ አንዱም ምክንያት የለውም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሚያዝያ 6 ቀን 1987 እዚሁ ከተማ፣ ሲዘርስ ፓላስ ውስጥ ማርቪን ሀግለርና ሹገር ሬይ ሌናርድ ተጋጠሙ። ሀግለር ከ1980 ጀምሮ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፤ ሌናርድ ደግሞ ለሦስት ዓመት ያህል ሪንግ ውስጥ ሳይገባ ቆይቶ ነው የመጣው። ሀግለር እየገፋ ይሄዳል፤ ሌናርድ እየዞረ ይርቃል፤ ዙሩ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ደግሞ ቆም ብሎ ቡጢ ያዘንባል። ግጥሚያው ሲያልቅ አንዱ ዳኛ 115 ለ113 ለሀግለር ሰጠ። ሌላው 115 ለ113 ለሌናርድ። ሦስተኛው 118 ለ110 ለሌናርድ። እስቲ ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ እንየው። በአንዱ ዳኛ ዓይን ሀግለር ሰባት ዙር አሸንፏል፤ በሌላው ዳኛ ዓይን ሁለት ብቻ። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ግጥሚያ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ኮሚሽን ተመድበው የተቀመጡ ናቸው።

ስለዚህ ግጥሚያ ዛሬም ድረስ ሰው ይከራከራል። ለሀግለር የሚፈርዱት ሻምፒዮኑ ወደፊት ሲሄድ ነበር፣ ከባዱን ቡጢ የመታው እርሱ ነው ይላሉ። ለሌናርድ የሚፈርዱት ወደፊት መሄድ ብቻውን ነጥብ አይደለም፣ ዙሩን በፈለገው መንገድ የመራው ሌናርድ ነው ይላሉ። እኔ በግሌ ሌናርድ በጥቂት ልዩነት አሸንፏል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ 118 ለ110ን ግን ልቀበለው አልችልም። የሚያንገበግበኝም ዳኛው የሌናርድን የመጨረሻ ሰከንዶች ቡጢ ከቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል አስበልጦ መዝኖት ይሁን፣ ወይስ የሀግለርን ማጥቃት ውጤት አልባ ነው ብሎ ጥሎት ይሁን፣ ዛሬም ድረስ መገመት እንጂ ማወቅ አለመቻሌ ነው። ሀግለር የመልስ ግጥሚያ ጠይቆ ሳይሳካለት ቀረ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ዳግመኛ ሪንግ ውስጥ አልገባም። በ1988 መሰናበቱን አስታወቀ፣ ኑሮውን ወደ ጣሊያን አዞረ፣ በ2021 አረፈ። ያንን ሁሉ ዓመት የኖረው ተዘርፌአለሁ ብሎ እያመነ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ቢደርሰው ኖሮ ምናልባት አይስማማበትም ነበር፤ ቢያንስ ግን የሚከራከረው ከጽሑፉ ጋር ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ መልኩን እየለዋወጠ ሲደጋገም አይተናል። ሰኔ 9 ቀን 2012 በኤምጂኤም ግራንድ ሁለት ዳኞች 115 ለ113 ለቲሞቲ ብራድሊ፣ አንዱ በዚያው ቁጥር ለማኒ ፓኪያው ሰጡ። ቡጢ ቆጣሪዎቹ ፓኪያው 253፣ ብራድሊ 159 ጊዜ ዒላማቸውን እንደመቱ መዘገቡ። (ይህ ቆጠራ ሪንግ ዳር ተቀምጠው ቁልፍ የሚጫኑ ሰዎች ሥራ ነው፤ ቀላሏንም ከባዷንም ምት እኩል ይቆጥራል። ስለዚህ ዳኛን ይተካ አልልም።) የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ የሚሰጠው ድርጅት አምስት ዳኞች ግጥሚያውን በቪዲዮ እንዲያዩት አደረገ፤ አምስቱም ለፓኪያው ፈረዱ። የኔቫዳ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግም አቤቱታ ቀርቦለት የወንጀል ማስረጃ አላገኘሁም አለ። መልካም፣ ወንጀል የለም። ይሁን እንጂ ወንጀል አለመኖሩ ሁለቱ ዳኞች ለብራድሊ የሰጡባቸውን ሰባት ዙሮች ለምን እንደሰጡ አያስረዳም።

መስከረም 16 ቀን 2017 በቲ-ሞባይል አሪና ካኔሎ አልቫሬዝና ጌናዲ ጎሎቭኪን ተጋጠሙ። አንዱ ዳኛ 115 ለ113 ለጎሎቭኪን፣ ሁለተኛው 114 አቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ 118 ለ110 ለካኔሎ። ውጤቱ አቻ ተባለ። ከተማው ተናወጠ። የዚያን ጊዜው የኮሚሽኑ ኃላፊ ሰፊውን ነጥብ የሰጠው ዳኛ ለጊዜው እንደሚያርፍ ተናገሩ። ይህ የእናንተ የውስጥ አስተዳደር ነው፤ አልገባበትም። ሕዝቡ የጠየቀው ግን ዳኛው እንዲቀጣ ብቻ አልነበረም። አሥር ዙር ለካኔሎ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል እንዲያስረዳው ነበር። ማስረዳቱ ከቅጣቱ ይቀል ነበር፤ ሆኖም ቅጣቱ መጣ፣ ማብራሪያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ግጥሚያ በምናይበት የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ የሚቀመጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አሉ። ባለ መስመር ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እንዲጠፋም ይለምናሉ፣ ተንታኞቹ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ያስፈርዳሉ ባይ ናቸው። ዙሩ ሲያልቅ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ከቁጥሩ አጠገብ ምክንያቱን። «ሆዱ ላይ ሦስት ጊዜ አጥብቆ መታው።» «ሲያፈገፍግ ነበር፤ ነገር ግን አልተመታም።» «ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ለመጨረሻዋ የግራ ቡጢ ስል ሰጠሁት።» ግንቦት 20 ቀን 2023 ዴቪን ሄኒ ቫሲሊ ሎማቼንኮን በነጥብ አሸነፈ ሲባል ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ከዳኞቹ አንዱ 10ኛውን ዙር ለሄኒ ሰጥቶ ነበር፤ ያንን ዙር አብዛኛው ተመልካች ያለ ጥርጥር ለሎማቼንኮ ሰጥቶታል። ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው 10ኛውን ዙር አነበቡልን፦ ሎማቼንኮ ስንት ጊዜ ጭንቅላትና ሆድ እንዳፈራረቀ፣ ሄኒ በምን መልስ እንደሰጠ። ከዚያም ቁጥሩን ደመሩልን። ያ ዙር ወደ ሎማቼንኮ ቢዞር እንኳን የዳኛው ድምር 115 ለ113 ሆኖ ሄኒ ያሸንፋል፤ የሌሎቹ ሁለት ዳኞች ድምርም 115 ለ113 ለሄኒ ነው። ያ ዙር ውጤቱን አልቀየረውም ማለት ነው። ጩኸቱ በረደ፤ ቀሪው ክርክር ስለ ሌሎቹ ዙሮች ሆነ፣ በረጋ መንፈስም ቀጠለ። አንድ ጡረተኛ በአንድ እስክሪብቶ የሚያደርገውን ኮሚሽኑ ማድረግ አያቅተውም።

ኤምኤምኤ ውስጥ ነገሩ ይብሳል፤ ዙሮቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዲት ቁጥር ብዙ ትመዝናለች። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጋራ ደንብ በወረቀት ላይ ከቦክሱ የተሻለ ነው፤ የመመዘኛዎቹን ቅደም ተከተል በግልጽ አስቀምጧል። መጀመሪያ ውጤታማ ምትና ትግል። በዚያ እኩል ከሆኑ ብቻ ውጤታማ ማጥቃት። በዚያም እኩል ከሆኑ ብቻ መድረኩን መቆጣጠር። 10 ለ8 ለመስጠትም ዳኛው የደረሰውን ጉዳት፣ የበላይነቱንና የበላይነቱ የቆየበትን ጊዜ መመርመር አለበት። ዳኛው ይህን ቅደም ተከተል መጠበቁን ግን በምን እናውቃለን?

መስከረም 16 ቀን 2023 በዚያው በቲ-ሞባይል አሪና ሻምፒዮኗ አሌክሳ ግራሶና ቫለንቲና ሼቭቼንኮ ለሁለተኛ ጊዜ ተጋጠሙ። አምስት ዙር ተፋለሙ። አንዱ ዳኛ 48 ለ47 ለግራሶ፣ አንዱ 48 ለ47 ለሼቭቼንኮ ሰጠ። ሦስተኛው 47 ለ47 አደረገው፤ ውጤቱ አቻ ሆነ፣ ቀበቶውም ከግራሶ ጋር ቀረ። ይህ ዳኛ እኩል ድምር ላይ የደረሰው 5ኛውን ዙር 10 ለ8 ለግራሶ ስለሰጠ ነው። እንደተለመደው 10 ለ9 ቢሰጥ ኖሮ ድምሩ 48 ለ47 ለሼቭቼንኮ ይሆን ነበር፤ ቀበቶውም ያን ሌሊት እጅ ይለውጥ ነበር። በዙሩ መገባደጃ ግራሶ መሬት ላይ የበላይነት አግኝታ እንደነበር ሁሉም አይቷል። ጥያቄው ያ የበላይነት በጉዳቱና በቆይታው 10 ለ8 የሚያሰጥ ነው ወይ የሚለው ነው። እኔ አይመስለኝም። ይሁንና ዳኛው ከእኔ የተሻለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ያላየሁትን ጉዳት አይቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት መስመር ቢጽፍልኝ ልረታ ዝግጁ ነኝ። ሼቭቼንኮ ቀበቶዋን ያስመለሰችው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2024 ነው። ስመ ጥር በመሆኗ ሦስተኛ ዕድል አገኘች።

ስም የሌለው ተፋላሚ ያንን ዕድል አያገኝም። በማታው መጀመሪያ፣ ወንበሮቹ ገና ባዶ ሳሉ የሚገባውን ልጅ አስቡት። በዩኤፍሲ (ትልቁ የኤምኤምኤ ግጥሚያ አዘጋጅ ድርጅት) የብዙዎቹ ጀማሪ ተፋላሚዎች ውል፣ ለመፋለም አንድ ክፍያ፣ ለማሸነፍ ደግሞ ሌላ ያንኑ የሚያህል ክፍያ የሚል ነው። ለምሳሌ ለመፋለም 12 ሺህ፣ ለማሸነፍ 12 ሺህ ዶላር የተዋዋለ ልጅ 29 ለ28 ቢሸነፍ በአንድ ዙር ፍርድ የገቢው ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ከቀረው ላይ አሠልጣኙን ይከፍላል፣ ሕክምናውን ያያል፣ ግብር ይከፍላል። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ለዚህ ልጅ ማንም አምስት ዳኛ ሰብስቦ ቪዲዮ አያይለትም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ስለ እንደዚህ ያለ ሰው ነው። ያሸነፈው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ቢነገረው፣ ቢያንስ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

እኛ የመጣንበት አገር ሙግት ያውቃል። ድሮ በላ ልበልሃ ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፣ ዳኛው የሚፈርደው ሁሉም የሰማውን ክርክር መዝኖ ነው። በዛሬው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤትም ሦስት ዳኞች ተሰይመው አንዱ ካልተስማማ የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ ከፍርዱ ጋር ያያይዛል። የተረታው ወገን ፍርዱን ባይወደውም ይግባኝ የሚለው ከጽሑፉ ተነሥቶ ነው። በእናንተም አገር ፍርድ ቤቶች እንዲሁ ነው። ታዲያ በአንድ ሌሊት የሰው ኑሮ የሚወሰንበት የነጥብ ዳኝነት ከዚህ ልማድ ለምን ይገለላል?

የሚቀርቡብኝን መከራከሪያዎች አውቃለሁ። ጊዜ የለም ይባላል። እውነት ነው፣ በዙሮች መካከል ባለው አንድ ደቂቃ ሐተታ መጻፍ አይቻልም። ዳኛው በዚያች ደቂቃ አንዲት ምልክት ብቻ ቢያደርግ፣ ዙሩን የወሰነው ከመመዘኛዎቹ የትኛው እንደሆነ ቢጠቁም ይበቃል፤ ሐተታውን በማግስቱ ይጻፈው። በማግስቱ ከጻፈው ቪዲዮውን አይቶ ሐሳቡን ያሳምራል የሚል ሰው ይኖራል፤ ለዚህ ነው ምልክቷ ከነጥቡ ጋር በዚያው ወረቀት ላይ መስፈር ያለባት።

ሁለተኛው መከራከሪያ ዳኛው ለጥቃት ይጋለጣል የሚል ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በግጥሚያ ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው ብዙ ነው፤ የተበሳጨም አይጠፋም። ይሁን እንጂ የዳኛው ስምና ነጥብ ዛሬም በአደባባይ ይነበባል። ስሙ ከወጣ በኋላ ምክንያቱን መደበቅ እርሱን ከስድብ አላዳነውም፤ መከላከያ ብቻ ነው ያሳጣው። በጥንቃቄ የፈረደ ዳኛ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው ከዚህ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ አልፎ ነጥቡ በየዙሩ ለሕዝብ ይታይ የሚሉ አሉ። የካንሳስ ኮሚሽን ከ2020 ጀምሮ ይህን ፈቅዷል፤ በቦክስም ቀበቶ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ደብልዩቢሲ ከ4ኛውና ከ8ኛው ዙር በኋላ ነጥብ የማሳወቅ ደንብ አለው። የሚቃወሙት ሰዎች መምራቱን ያወቀ ቦክሰኛ የቀረውን ዙር ይሸሻል ይላሉ። መስከረም 18 ቀን 1999 በማንዳላይ ቤይ ኦስካር ዴ ላ ሆያ ያደረገው ይኸው ነው፤ ፊሊክስ ትሪኒዳድን እየመራሁ ነው ብሎ አምኖ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ሲዞር ጨረሰ፣ ነጥቡ ሲነበብ ተሸነፈ። ነጥቡ ግን ያን ሌሊት ምስጢር ነበር። ምስጢርነቱ መሸሹን አላስቀረም፤ ሰውየውን ብቻ አሳሳተው። ስለዚህ እኔም ብሆን ነጥቡ በየዙሩ ቢታይ ደስ ይለኛል። ምርጫ ከተሰጠኝ ግን ምክንያቱን አስቀድማለሁ። ነጥቡን በየዙሩ ማወቅ ድንጋጤውን ይቀንሳል እንጂ ፍርዱን አያስረዳም።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣም አትርሱ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ሮይ ጆንስ ፓርክ ሲ-ሁንን 86 ለ32 በሆነ የምት ብልጫ መርቶ 3 ለ2 ተሸናፊ ተባለ፤ የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ የሚለውን ሽልማት ግን የወሰደው ያው ጆንስ ነው። ከ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በኋላ በገለልተኛ ምርመራ የግጥሚያ ውጤቶች ሲቀነባበሩ እንደነበር ታወቀ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2023 ለዓለም አቀፉ የቦክስ ማኅበር የሰጠውን ዕውቅና አነሣ። ይህን ሁሉ ያየ ተመልካች የእናንተ ዳኛ በቅንነት ሲሳሳት እንኳን ጉቦ በልቷል ይላል። ታክሲዬ ውስጥ በየግጥሚያው ማግስት የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ አላምንበትም፤ አብዛኞቹ ዳኞቻችሁ ከባድ ሥራ በንጹሕ ኅሊና የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ተሳፋሪዬን የማሳምንበት ወረቀት ግን በእጄ የለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ። በመጪው የኮሚሽኑ ይፋ ስብሰባ ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝልን። ለመጀመር ያህል በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያዎች ላይ ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ይሞከር፤ የዳኞቹ ጽሑፍ በሳምንት ውስጥ ከነጥብ ወረቀቱ ጋር ይውጣ። ሙከራው ከተሳካ ወደ ማታው የመጀመሪያ ግጥሚያዎች ይውረድ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነውና። ለተጨማሪው ሥራ ዳኞቹ ተጨማሪ ክፍያ ይገባቸዋል፤ ወጪውም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በሚያንቀሳቅስ ግጥሚያ ላይ የሚከብድ አይደለም።

ስብሰባዎቻችሁ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ለሕዝብ አስተያየትም ጊዜ ትሰጣላችሁ። የፈረሙትን ሰዎች ዝርዝር ይዤ እገኛለሁ። ጋሼም ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በላስ ቬጋስ ነዋሪ የሆነ የቦክስና የኤምኤምኤ ተከታታይ